ጀሪካኖቹን ሳላነሳ

የሴራሚክ ሥራ የጀመርኩት ሳሪስ፣ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ከፋብሪካ በቅነሳ ወጥቼ ነበር። ሁለት ልጆች ስለነበሩኝ ሙያ አማርጬ የምይዝበት ጊዜ አልነበረም።

አለቃዬ ጋሽ በየነ አጭር፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሴራሚክ በእጄ አላስነኩኝም። ውሃ የተሞላ ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ አስይዘውኝ ከክፍል ክፍል ስንዞር ዋልን። ውሃው በሁለቱ ጫፍ እኩል ሲቆም ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከምልክቱ እስከ ወለሉ ይለካሉ። ልኩ ያጠረበት ቦታ የቤቱ ከፍተኛ ወለል ነው። ሥራው የሚነሳው ከዚያ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በዓይንም ይታያል» አልኳቸው፣ ክንዴ ሲዝል።

«ዓይን ቢለካ ኖሮ ቱቦ ማን ይገዛ ነበር? ያዝ!»

ያዝኩ። ከእሳቸው ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ወለል አፍርሼ አላውቅም።

ኮንዶሚኒየም ሲበዛ ለብቻዬ ወጣሁ። ሰው ቤቱን የሚረከበው በደረቅ ሲሚንቶ ስለነበር ሥራ ሞልቶ ነበር። ስሜ ተጠራ፤ ልቤም አብሮ አበጠ።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ጠሩኝ። ባለቤታቸው ጋሽ ታፈሰ ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ እንጂ አያነሱም። እንዲያም ሆኖ ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ተደግፈው ለብቻቸው ይሄዱ ነበር።

«ቀለሙ እንዳሻህ ይሁን» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ብቻ መንገዳቸው ላይ ደፍ የሚባል ነገር እንዳይኖር። እሷን መንገድ እንኳ ያለ ሰው ይሂዱባት።»

መታጠቢያ ቤቱን ሌላ ባለሙያ ቀድሞ ሴራሚክ አልብሶታል። ስለዚህ የኮሪደሩ ከፍታ መነሳት ያለበት ከእሱ ነበር። ግን ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ እስከ በሩ ድረስ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ተደርድረውበታል።

«ጀሪካኖቹን ላስወጣልህ?» አሉኝ።

«ይተዉት እትዬ፣ ከዚህ ይታየኛል።»

ቱቦውን ሳሎንና መኝታ ቤት ብቻ ዘርግቼ ከሳሎኑ በር ጀመርኩ። ጎረቤት እየገባ አደነቀ። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩን ጨርሼ ጀሪካኖቹ ሲነሱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከእኔ በሁለት ጣት በልጦ አገኘሁት።

መፍትሔው አንድ ነበር፤ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ማንጠፍ። ሌላ ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ከዚያ በላይ ግን ያደነቀኝ ጎረቤት ፊት መዶሻ ማንሳት አሳፈረኝ። መጋጠሚያው ላይ የእምነ በረድ ቁራጭ አጣብቄ ደፍ አደረግኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ውሃ ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ ነው። የግድ ነው።»

ደፉን አዩት። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ከወራት በኋላ እዚያው ሕንፃ ላይ ሥራ አገኘሁ። ያገኙልኝም እትዬ አስካለ ናቸው። ሰላም ልላቸው ስገባ ጋሽ ታፈሰ ደፉ ጋ ቆመዋል። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ያንን እግር በሁለት እጃቸው አንስተው አሻገሩት። ቀና ሲሉ ወገባቸውን ያዙ።

«በቀን ስንቴ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?» አልኩ።

«በሄዱ ቁጥር ነዋ። ሌሊትም ይቀሰቅሱኛል።»

ጋሽ ታፈሰ ዞር ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ውሃው አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ አያውቅም።»

«ምንም አይደል ጋሼ» አልኩና ወጣሁ። አፍርሼ ልሥራላችሁ ለማለት ሌላ ቀን እመለሳለሁ እያልኩ ሳለ ጋሽ ታፈሰ አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ደፉ እዚያው ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ጉልበቴ ከድቶኝ ሥራውን ትቻለሁ። ለሙያው አዲስ የሆናችሁ፣ ቱቦ ከመዘርጋታችሁ በፊት ጀሪካኑን አንሱ። ከተሳሳታችሁም በዚያው ቀን አፍርሱት።