አጭሩን መንገድ የዘጋችው ሴት

ሰዎች መጋዝ ይሏታል። አንድም ከትከሻዋ የማትለየው የእጅ መጋዝ ስላለች ነው፤ አንድም ስለ ምላሷ። ሁለቱም ፊት አይተው አይቆርጡም ይላሉ የሥራ ባልደረቦቿ፤ እሷ በሌለችበት ነው ታዲያ። በዚያ ተራራማ ጫካ የእግር መንገድ ጠባቂ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የወደቀ ግንድ ትቆርጣለች፣ ዝናብ የወሰደውን ደረጃ በድንጋይ ትተካለች፣ የላላ መደገፊያ ታጠብቃለች፣ ጎብኚ የጣለውን ጠርሙስ እየተራገመች ትለቅማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው። ልጅቷ አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከተራራው ግርጌ ባለው ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ትኬት ትቆርጣለች።

ወደ ትልቁ ፏፏቴ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው በሸንተረሩ ዞሮ የሚሄድ ነው፤ ደህና ተራማጅ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ሁለተኛው ከገደሉ ወገብ ላይ ተለጥፎ ያልፋል፤ በአንድ ሰዓት ያደርሳል። ባለፈው የዝናብ ወቅት የአጭሩ መንገድ መታጠፊያ ከሥሩ ተቦረቦረ። ላይ ላዩን ላየው ምንም አልሆነም፤ ቅጠል የተነጠፈበት ደህና መንገድ ይመስላል። መጋዝ ግን በዶማዋ እጀታ መታ መታ ስታደርገው ባዶ በርሜል የመታች ያህል ጮኸባት። በሆዷ ተኝታ አንገቷን አስግጋ ወደ ታች ብታይ፣ ያ ሁሉ አፈር የተንጠለጠለው በዛፍ ሥር ብቻ ነበር።

የዚያኑ ዕለት አምስት አጣና አጋድማ መግቢያውን በሚስማር ዘጋችው። በቀይ ቀለም «አደገኛ ነው፤ አይለፉ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ወርዳ ለኃላፊው ነገረችው።

ኃላፊው ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ንግግሩ ለስላሳ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ሰው ነው። የቢሮውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የጫካው ካርታ ሸፍኖታል፤ እሱ ራሱ ግን ጫካውን ከመኪና መስኮት አልፎ አያውቀውም።

«እናቴ፣» አላት፣ «አውቶቡሶቹ እዚህ የሚቆሙት ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በረጅሙ ሂዱ ካልናቸው ፏፏቴውን ሳያዩ ሊመለሱ ነው። ትንሽ ድጋፍ ቢደረግለትስ?»

«ምኑ ነው የሚደገፈው? ከሥሩ መሬት የለም እኮ ነው የምልዎት።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ያቅርቡልኝ።»

በጽሑፍ አቀረበች። መልስ የለም። ከወር በኋላ ደግማ ጻፈች። ሦስተኛውን ሪፖርት ልጇ በኮምፒውተር ተየበችላትና መዝገብ ቤት ማህተም ተመቶበት ገባ። ኃላፊው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በዚህ መሃል አዲስ በራሪ ወረቀት ታትሞ መጣ፤ ፊቱ ላይ የፏፏቴው ፎቶ፣ ከሥሩ በደማቁ «ፏፏቴውን በአንድ ሰዓት» ይላል። መጋዝ ወረቀቱን ጨብጣ ቢሮው ስትገባ ኃላፊው ገና ሳትናገር እጁን አነሳ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው። አይታደልም።»

አመነችው። በኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ያናደዳት ይኸው ማመኗ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሸንተረሩ ላይ የወደቀ ዛፍ ስትቆርጥ ከታች የሰው ድምፅ ሰማች። መጋዟን አቁማ አዳመጠች። ድምፁ የሚመጣው ማንም ሊኖርበት ከማይገባ አቅጣጫ ነበር። ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በጫካው ውስጥ ቁልቁል ሮጠች።

የአጭሩ መንገድ መግቢያ ላይ ስትደርስ አጣናዎቹ የሉም። ማለት አሉ፤ ግን ከመንገዱ ዳር አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። ሚስማሮቹም አንድ ባንድ በመንቀያ ተነቅለው በአንድ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅመዋል። የቸኮለ ጎብኚ እንዲህ አድርጎ አይነቅልም። እንዲህ የሚነቅለው ታዝዞ የመጣ ሠራተኛ ነው። ለመናደድ ግን ጊዜ አልነበራትም።

መታጠፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወደ ታች ይጣራሉ። መንገዱ መሃሉ ላይ እንደተገመጠ ሆኖ ጎድሏል። ሚስታቸው አራት ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ ወፍራም የዛፍ ሥር ላይ ተጋድማ ቀርታለች። መጋዝ ከሴትየዋ በታች ያለውን አላየችም፤ ሆን ብላ ነው ያላየችው። ገመዱን ከግንድ ጋር አስራ ወረደች። የሴትየዋ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል።

«ስምሽን አልጠይቅሽም፤ ብቻ አትልቀቂኝ፣» አለች ሴትየዋ። ጡረታ የወጣች መምህርት ነች፤ እንደዚያ ሆናም ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ነበር።

«አልለቅሽም። ለምንድን ነው በዚህ የመጣችሁት?»

«ክፍት ነው አሉን። ልጅቷ ነች ያለችን።»

«የቷ ልጅ?»

«ትኬት የምትቆርጠው። ያቺ ፈገግተኛዋ።»

መጋዝ ገመዱን በሴትየዋ ብብት ሥር አዙራ አሰረችና ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈተሸችው።

አራት ሠራተኞች ቃሬዛ ይዘው እስኪመጡ፣ መምህርቷም ወጥታ እስከ አምቡላንሱ እስክትደርስ ቀኑ ተጋመሰ። መጋዝ የሴትየዋን ደም ከእጇ ሳትታጠብ በቀጥታ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄደች። ከፊት ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል።

«ክፍት ነው ያለሽ ማን ነው?»

ልጅቷ የእናቷን እጅ አይታ ደነገጠች። «ኃላፊው። ተጠግኗል አለኝ።»

«እኔን ጠየቅሽኝ? አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምናድረው። ሪፖርቱን በራስሽ ጣት ነው የተየብሽው።»

«እማዬ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። እዚህ ወንበር ላይ አራት ዓመት ተቀምጠሽ መንገድ ስትመሪ አንድ ቀን ተነስተሽ ሄደሽበታል? አንዱንም መንገድ? አልሄድሽም። የማታውቂውን ነው ለሰው ክፍት ነው የምትይው።»

«ብጠይቅሽ ከሱ ጋር እንደምትጣዪ አውቃለሁ። ጡረታሽ ሊደርስ ነው። እንዳያባርሩሽ ፈርቼ ነው።»

«ለኔ ብለሽ ነዋ ሴትዮዋን ገደል የሰደድሻት።»

ልጅቷ አለቀሰች። መጋዝ ጥላት ሄደች። ያን ምሽት ሁለቱ በየክፍላቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በማግስቱ ኃላፊው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተተየበ ወረቀት አዘጋጅቷል። መንገዱ ተጠግኗል ይላል፤ ያም ሆኖ ለጥንቃቄ አጥሩ በቦታው ነበር ይላል፤ ጎብኚዎቹ ራሳቸው ነቅለው ገቡ ይላል። ከግርጌው የልጇ ፊርማ አለ።

«ልጅዎ ትናንት ማምሻውን ፈርማለች፣» አላት እስክሪብቶ እያቀበላት። «እርስዎም እዚች ጋ። ነገሩ እንዲበርድ ነው፣ እናቴ።»

መጋዝ ፊርማውን አየችው። የልጇን ፊርማ ለማወቅ ሁለቴ ማየት አያስፈልጋትም፤ መጻፍ ያስተማረቻት እሷ ናት። ኃላፊውን ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። ያን ጠዋት ተወችው።

«ስማ። ሚስማሮቹን እንዲነቅል ያዘዝከው ማንን ነው?»

«ይረጋጉ እናቴ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ…»

«እናትህ አይደለሁም። እናትህን በዚያ መንገድ ትልካት ነበር?»

«የእርስዎም የልጅዎም ሥራ እዚሁ ነው፤ ቢያስቡበት ይሻላል።»

ከመግቢያው ያነሳችውን የቀለም ቆርቆሮ በቦርሳዋ ይዛ ነበር። አውጥታ ወረቀቱ ላይ ገለበጠችው። ሚስማሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ ገሚሶቹ ተንከባልለው ጉልበቱ ላይ ወደቁ። በሩን ሳትዘጋ ወጥታ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሆስፒታል ሄደች። ለመምህርቷና ለባሏ ሪፖርቶቹን፣ አጥሩን፣ ወረቀቱን፣ የልጇንም ፊርማ ሳይቀር አንድ ባንድ ነገረቻቸው። የልጇን ነገር መጨረሻ ላይ አደረገችው፤ ግን አልዘለለችውም። ሽማግሌው የዚያኑ ቀን ለበላይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት አጣሪዎች መጡ። ኃላፊው ለስላሳ መጠጥ ጋብዞ ካርታው ላይ በዱላ እያመለከተ አስረዳቸው። መጋዝ በር ላይ ቆማ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«አሁን ደግሞ በእግራችሁ እንሂድ፣» አለቻቸው።

እየተነጫነጩ ተከተሏት። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ካልተናደው ጎን ያለውን ቅጠላማ ቦታ አሳየቻቸው።

«እዚህ ላይ ቁሙ።»

«ለምን?» አለ ወፍራሙ።

«ወረቀቱ ተጠግኗል ይላል። ቁሙበት።»

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። መጋዝ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አንስታ ቦታው ላይ ጣለችው። መሬቱ ድንጋዩን ይዞ ሄደ። ታች ደርሶ እስኪሰማ ቆዩ፤ ወፍራሙ ሰውዬ አጠገቡ ያለውን ዛፍ በሁለት እጁ አቀፈ።

«ይኸንን ጻፉ፣» አለቻቸው።

ሲመለሱ ልጅቷ መስኮቷን ዘግታ ውጭ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። እናቷን ሳታይ ለአጣሪዎቹ ተናገረች።

«እኔ የፈረምኩት ውሸት ነው። መንገዱ ክፍት ነው በይ ያለኝ ኃላፊው ነው። እሱ ሪፖርት አልደረሰኝም ካላችሁ ደግሞ፣ ማህተም ያረፈበት ቅጂው ይኸውና።»

ኃላፊው ከወር በኋላ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ፤ በቅጣት ይሁን በእድገት የሚያውቅ የለም። አጭሩ መንገድ በብረት በር ተዘጋ። መምህርቷን ይቅርታ የጠየቃት አካል የለም፤ እስከ ዛሬም በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ለመጋዝ ግን ደብዳቤ ደረሳት፤ በኃላፊ ላይ ሥርዓት የጎደለው ንግግር በመናገር የተሰጠ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይላል። አንብባ ስትጨርስ መልሱን ጀርባው ላይ ጻፈች፤ «ሁለተኛውንም አዘጋጁ» የሚል ነው። መዝገብ ቤት ወስዳ ማህተም አስመታችበት።

ከልጇ ጋር ሁለት ወር ያህል ከ«በልተሻል?» የዘለለ ነገር አልተነጋገሩም። እውነቱን መናገሯ ያን ፊርማ አልፋቀላትም፤ መጋዝ ከአንገት በላይ ይቅር ማለት አትችልበትም። አንድ የእረፍት ቀን ጠዋት ልጅቷ ጫማዋን አስራ በሩ ላይ ቆመች።

«ረጅሙን መንገድ አሳዪኝ።»

መጋዝ ገመዷን አንስታ ከፊት ወጣች። ሦስቱን ሰዓት ዞራ አላየቻትም፤ ግን ኮቴዋ ሲርቅባት እርምጃዋን ትቀንሳለች። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ከሚሰማበት ሸንተረር ላይ ልጅቷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ተረከዟ ተልጦ ካልሲዋን ደም ነክቶታል።

«አሳዪኝ፣» አለች መጋዝ።

ከቦርሳዋ ጨርቅ አውጥታ ቁስሉን ጠቀለለችው።

«በዚህ ጫማ ነው ተራራ የሚወጣው? ትኬት ስትቆርጪ ይኸንንም ንገሪያቸው።»

«እሺ እማዬ።»

«የፈረምሽውን ግን አልረሳውም።»

«አውቃለሁ።»

መጋዝ ቋጠሮውን አጠበቀች፣ ተነሳች፣ እጇንም ዘረጋችላት። ልጅቷ ይዛ ተነሳች፤ ቁልቁለቱም ዳገቱን ያህል አስቸጋሪ ነበርና እስከ ውሃው ድረስ አልተላቀቁም።