የቀጥቃጩ ሚስማር

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ አንኮበር የቀረን ቤተ ክርስቲያንና ወሬ ብቻ ነበር። እኔ ቁም ጸሐፊ ነበርኩ። የሌላ ደብር ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ሦስት ወር ሲፈጅ የእኔ በሦስት ቀን ይደርሳል። የደብሩ አለቃ ይህን የጸሎቴ በረከት ነው እያሉ በሰው ፊት ያመሰግኑኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። በረከቴ ግን ጎረቤቴ ቀጥቃጩ የሰጠኝ የዛገ ሚስማር ነው። የዛፍ ቅርፊት በተቀቀለበት ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ። ውሃው ቀይ፣ ዝገቱም ቀይ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ድቅድቅ ጥቁር ይሆናሉ። ከዚያ ሚስማሩን አውጥቼ ለሚቀጥለው አስቀምጣለሁ።

አንድ ሐሙስ የአለቃው ሚስት ለልጃቸው ሰርግ መሶብ የሚሰፉበትን አለላ በቀይ የቅርፊት ቀለም ዘፈዘፉ። ሣሩ እየተንሳፈፈ ቢያስቸግራቸው ቀጥቃጩ ያመጣላቸውን አዲስ ማረሻ ጫኑበት። በማግስቱ ሲያወጡት ከሰል መስሏል። እሜቴ ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም።

«ቡዳው ነው! ማረሻውን ሲያመጣ አለላዬን አይቶብኛል» አሉ።

አለቃውም ቀጥቃጩ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ እስከ እሑድ አገር እንዲለቅ ፈረዱ።

ዝም ብል በረከቴ አይነካም ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ቅዳሜ ጠዋት ግን አላስቻለኝም፤ አለቃው ደጅ ሄጄ ከእሜቴ ማረሻው ካልነካው ትርፍ ቀይ ቀለም በዋንጫ አስቀድቼ በሕዝብ ፊት ሚስማሬን ጣልኩበት። ቀትር ላይ ጠቆረ።

«ዓይን አይደለም፣ ብረቱ ነው። የእኔም ቀለም የሚጠቁረው በዚሁ ነው» አልኩ።

አለቃው ሊቅ ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

«ሚስማሩን ማን ሠራው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ቡዳነቱ እስከ ሚስማሩ ደርሷል ማለት ነዋ!»

ሕዝቡ በጥበባቸው ተደነቀ። እኔን ማሩኝ፤ የጀመርኩትን ዳዊት የሚጨርስ ሌላ ጸሐፊ አልነበራቸውማ። ሚስማሩንም ጠበል ረጭተው መለሱልኝ።

«ሰውየውንስ ቢረጩት?» አልኩ። አልሰሙኝም።

እሑድ ቀጥቃጩ ጓዙን በአህያ ጭኖ ወደ ጣርማ በር አቀና። ሚስማሩን ልመልስለት ብዘረጋ «ይያዙት፣ ሥራዎ እንዳይስተጓጎል» አለኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ዳዊቱን በዚያው ሚስማር ባጠቆርኩት ቀለም ጨረስኩት። እሜቴ ቤተ ክርስቲያን በመጡ ቁጥር ገልጠው ጽሕፈቱን በከንፈራቸው ይሳለሙታል። አንድም ቀን አላመማቸውም።