ሁሉን የሚያጠፋው ጠጋኝ

የሰፈራችንን የኮምፒውተር ጠጋኝ ስም የሚያውቅ የለም። በሰርቢያዋ ኖቪ ሳድ ከተማ የእጅ ባለሙያ ሁሉ «ማይስቶር» ይባላል፤ ለእሱ ግን ማዕረጉ ይበዛበታል። ምድር ቤት ባለው ሱቁ ውስጥ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ሆዱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ይቀመጣል። ጥፍሮቹ እንደ ሐኪም ጥፍር ንጹሕ ናቸው፤ ሥራ ነክቷቸው አያውቅማ። ለመጣለት ዕቃ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «ማነው እንዲህ ያበላሸው?» ከእሱ በፊት የነካው ሁሉ አህያ ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ውስጡ ያለውን በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን።

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ ራዶይካ፣ ገና ሲከፈት ድርግም ብሎ እየጠፋ ያስቸገራትን ኮምፒውተር ወሰደችለት። እኔም አብሬያት ሄድኩ።

«ማነው እንዲህ ያበላሸው?»

«ባሌ ነው የገጣጠመው፣ ነፍሱን ይማረውና። የተቀዳ ድምፁ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለኝም።»

«መጥፋቱ አይቀርም፣ እማማ። እኔ የራሴን በየዓመቱ ነው ጠራርጌ የማጠፋው። ምን ጎደለኝ?»

ራዶይካ ትክ ብላ አየችው። «የሚናፍቅህ ድምፅ የለም እንዴ፣ ልጄ?»

ጠጋኙ እጅጌውን ሰብስቦ ብሎኖቹን ፈታና ሽፋኑን ከፈተው። የውስጡ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ በአቧራ ታንቋል፤ ለካ እየጋለ ነው የሚጠፋው። በብሩሽ ጠርጎ ሲያበራው ኮምፒውተሩ ከውስጡ ምንም ሳይጠፋ ተነሳ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም።

ራዶይካ እያለቀሰች መረቀችው። እኔ ግን ይብሱን ናቅሁት። እስከ ትናንት አያውቅም ብዬ ይቅር ስለው ነበር፤ ለካስ ያውቅ ኖሯል።