የቆመው ሰዓትና የሹካው ዶሮ

ነገሩ የሆነው ሲያትል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ፈረንጆች ሰማንያዎቹ በሚሉት ጊዜ ነው። ዛሬም የሰው በር ሳንኳኳ ትዝ ይለኛል። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እየተናገርኩ ልጄ አስቴር ትጽፍልኛለች።

የምኖረው ስካይዌይ የሚባል ሰፈር፣ እሷ ቤት ነበር። እሷ ጎረቤት ከተማ ቱክዊላ ሥራ ስትሄድ እኔ በእግሬ መንደሩን እዞራለሁ። እዚህ አገር ሰው የሰለቸውን ዕቃ አውጥቶ ከቆሻሻ በርሜሉ አጠገብ ያኖረዋል፤ የፈለገ ያነሳል። ሹካ፣ ቁልፍ፣ የመኪና ጎማ ክዳን፣ ያገኘሁትን ተሸክሜ እገባና በሽቦ አያይዤ በግ፣ ወፍ፣ ሰው እሠራለሁ። አስቴር፣ "እማዬ፣ አሜሪካ ድረስ የመጣሽው ቆራሌ ልትሆኚ ነው?" ትለኝ ነበር። አሁን ይህንን ስትጽፍ ትስቃለች። ጋራዡን ግን ለቃልኛለች።

አንድ ቀን፣ ዝናቡ ከስንት ሳምንት በኋላ ሲያባራ፣ ከአንድ ቤት በርሜል አጠገብ ትልቅ የእንጨት የግድግዳ ሰዓት አየሁ። ባለ መስታወት በር ነው። ልቤ ዘለለ። ግራ ቀኝ አየሁ እንጂ በር አላንኳኳሁም። በነጠላዬ እንደ ሕፃን አዝዬው ሄድኩ።

ሰዓቱ አይሠራም። ሆዱን ፈታሁት። ባለ ጥርሶቹ ክቦች የአውራ ዶሮ ዘውድ ሆኑ፤ ሹካዎቹ ጅራት፣ ማንኪያዎቹ ክንፍ። ከሥር የሚወዛወዘውን የነሐስ ክብ መንቆሩ ላይ አንጠልጥዬ ዶሮውን እዚያው ባዶው የሰዓት ሳጥን ውስጥ አቆምኩት። ድሮስ ባገሬ ሰዓት የሚናገረው አውራ ዶሮ አይደል? ምሳዬን እየረሳሁ ሦስት ቀን ሠራሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ከአስቴር ጋር አውቶቡስ ስንጠብቅ ምሰሶው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሰዓቱ ፎቶ ነው። አስቴር አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ። ባለቤቱ፣ ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበት፣ ሰዓቱን ፀሐይ እንዲያደርቀው አውጥቶት ኖሯል። የአባቴ ነው፣ ያያችሁ ንገሩኝ ይላል።

ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ የኖርኩ ሴት፣ እንዴት አላሰብኩትም? "ሌባ ሆንኩ ማለት ነው" አልኳት።

"ታዲያ፣ ክቦቹን መልሰሽ መግጠም ትችያለሽ?" አለችኝ።

የቱ ከየት እንደወጣ እኔስ መቼ አውቄ።

እንዳለ ተሸክመነው ሄድን። በሩን የከፈተው ጸጉሩ የነጣ ረጅም ሰውዬ ነው። አስቴር በእንግሊዝኛ ይቅርታ ስትጠይቅ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሰውዬው የመስታወቱን በር ሲከፍተው የነሐሱ ክብ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ሹካዎቹም ተንሿሹ። ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው። ከዚያ ለአስቴር የሆነ ነገር ነገራት።

"ምን አለ?" አልኳት።

"አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቆሞ ነበር፣ ዛሬ ተንቀሳቀሰ ነው የሚለው። ዶሮው ለምን እንደሆነ ንገሩኝ ይላል።"

ነገርኳት፤ ነገረችው። ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው የቆመበትን ወንበር የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳላንኳኳ ምንም አላነሳም። አብዛኛው ሰው "ውሰጂው" ይለኛል። እውነቱን ልናገር፣ ተጠይቆ የተሰጠ ዕቃ ወድቆ እንደተገኘ አይጥምም። ቢሆንም አንኳኳለሁ።