ሠላሳ አንድ ጊዜ «እንዴት ሰነበታችሁ»

«በኢሜይል ላኩ።»

አክስቴ ከፃግብጂ ገጠር ሰቆጣ ድረስ በእግሯ መጥታ ከትምህርት ቢሮው በር ላይ ያገኘችው መልስ ይኼ ብቻ ነው። ቢሮው እኔ ከምሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅ ደጃፍ ይታያል፤ ድንጋይ ብወረውር ቆርቆሮው ላይ ያርፋል። ወረቀቷን ይዛ በሩ ላይ የቆመችን ሴት «በኢሜይል ላኪ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሂጂልን ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሂጂ ስባል መሄድ አልወድም።

በአክስቴ መንደር ትምህርት ቤቱ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። አምስተኛ እዚያው ይከፈት ወይስ ልጆቹ ወንዝ ተሻግረው ይማሩ የሚለውን ቢሮው ሊወስን ነበርና ወላጆች ሐሳባቸውን እንዲልኩ ተጠየቁ። በጋራ የተፈረመ ወረቀት ግን አይቀበሉም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይላክ አሉ። አክስቴ ዘንድሮ አራተኛን የጨረሰች ልጅ አለቻት። ታላቂቱ ወንዙን ስትመላለስ አንድ መስከረም ውሃው ሊወስዳት ነበር፤ ሰው ደርሶ አወጣት። ከዚያ ወዲህ ደብተር አልያዘችም። አሁን ዐረብ አገር የሰው ቤት ትጠርጋለች። አክስቴ ሁለተኛዋን ለዚያ ወንዝም ለዚያ መንገድም ላለመስጠት ምላለች።

በገበያ ቀን ጎረቤቶቿን ሰብስባ መጣች። የሱቁ አግዳሚ ላይ ተራ በተራ ተቀምጠው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። አማርኛው የሚከብዳቸው ሽማግሌዎች በኽምጣና ሲናገሩ አክስቴ ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። አንድም ቃል አላሳመርኩም። ግጥም ስለምጽፍ እጄን በልቶኝ ነበር፤ ግን የእነሱ ነውና ተውኩት። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ሆነ።

ሠላሳ አንዱን በእጅ አንድ በአንድ መላክ የማይታሰብ ነበር። ኔትወርኩ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ወንበር ሳይስብ ይሄዳል። ስለዚህ በመጣባት ደቂቃ ሁሉንም የሚያስወነጭፍ ፕሮግራም ልጽፍ ተነሳሁ። ኮድ ያስተማረኝ የለም፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኬ ላይ ነው የለቀምኩት። ለኢሜይል መላኪያ የሚሆን ትንሽ ላይብረሪ አገኘሁ፤ ላይብረሪ የሚባለው ሌላ ሰው ጽፎ ለሁሉም የተወው ዝግጁ ኮድ ነው። የላኪውን አድራሻ፣ የተቀባዩን፣ ርዕሱንና ጽሑፉን ትሰጪዋለሽ፣ ቀሪውን እሱ ይጨርሳል። የእኔ ፕሮግራም እያንዳንዱን ደብዳቤ ይከፍታል፣ የመጀመሪያውን መስመር ርዕስ ያደርጋል፣ ሙሉውን ከሥር አስገብቶ ይልካል፣ ትንሽ ያርፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል።

የሱቁ ባለቤት ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። «ያለ ሰው እጅ ይልካል ነው የምትይኝ?»

«ይልካል ሐጂ።»

«እንግዲያው ባለቤቴ ስትጣራ 'አቤት' የሚልልኝ ጻፊልኝ። ወላሂ ሱቁን እሰጥሻለሁ።»

መጀመሪያ ኢሜይሉ የይለፍ ቃሌን አልቀበልም አለኝ። ለፕሮግራም የተለየ የይለፍ ቃል ማውጣት እንዳለብኝ እስካውቅ ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ኔትወርክ መጣ፤ ስክሪኑ ላይ «ተልኳል» የሚለው ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ ወረደ። ያን ቀን ሰቆጣ ላይ ከእኔ በላይ የሚኮራ ሰው አልነበረም።

ሳምንት ቆይቼ ቢሮው ገባሁ። ኢሜይሉን የሚያየው ወጣት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«የፃግብጂ ወላጆች ደብዳቤ ደረሳችሁ?» አልኩት።

«የምን ደብዳቤ?» አለና አስታውሶ ሳቀ። «አንቺ ነሽ እንዴ! እኔኮ ቫይረስ መስሎኝ ነው። ከአንድ አድራሻ ሠላሳ አንድ መልእክት፣ የሁሉም ርዕስ 'እንዴት ሰነበታችሁ'! አንዱማ እዚያው ርዕሱ ላይ 'ከብቶቻችሁስ ደህና ናቸው ወይ' ይላል። ቢሮ ከብት አለው?»

«ከብት ባይኖረው ሰው አለው ብለው ነው።»

ሳቁን አቆመ። «ሳልከፍት አጠፋኋቸው። ሐሳብ መቀበያው ነገ ማታ ይዘጋል። ሰላምታውን ቁረጪና ጉዳዩን አስቀድመሽ ላኪ፤ ዘመናዊ አጻጻፍ እንዲያ ነው።»

ወጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የእኛ አገር ሰው በመጀመሪያ መስመር ጉዳዩን እንደማይናገር እያወቅኩ የመጀመሪያውን መስመር ርዕስ ያደረግኩ እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ የምትጠብቀኝን አክስቴን ሰላምታውን ልቁረጠው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰላም ሳልል ጉዳዬን ብጀምር አሳዳጊ የበደላት አይሉኝም?» አለች። «አንቺስ ብትሆኚ፣ እኔ የተናገርኩትን የምትቆርጪ ማን ነሽ?»

ልክ ናት። ተቀምጬ ደብዳቤዎቹን እንደ አዲስ አነበብኳቸው። ሰላምታ፣ ከዚያ ስለ ዝናብ፣ ስለ አዝመራ፣ ስለ አህያው እግር፤ ጉዳዩ የሚመጣው ሊሄዱ ሲነሱ ነው፣ መጨረሻው መስመር ላይ። ቋንቋችን ራሱ ግሱን ለመጨረሻ የሚያቆይ ነው፤ አድማጭ እስከዚያ ካልታገሠ የራሱ ጉዳይ። ኮዱ ውስጥ «የመጀመሪያው መስመር» የሚለውን «የመጨረሻው መስመር» በሚል ተካሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። እንዴት ሰነበታችሁም፣ ከብቶቹም፣ አህያውም በየቦታቸው ቀሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ኔትወርኩ ሲመጣ ላክሁ። ርዕሶቹ እየተከታተሉ ወረዱ።

ሳይነጋ ወጥታ ከመሸ የምትገባ ልጅ መቼ ታጥና?
መንገዱን አህያዬን ብትጠይቁት ይነግራችኋል።
መምህር ከመጣ ቤቴን እለቅለታለሁ።
ልጄን ወንዝ አላሻግርም።

የመጨረሻው የአክስቴ ነው። ሁለት ሰዎች ደግሞ «በሉ ደህና ሁኑ» ብለው ስለጨረሱ ርዕሳቸውም ይኸው ሆነ። ይሁን አልኩ።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ግጥም ነው?»

«አቤቱታ ነው ሐጂ።»

«ልዩነቱን ንገሪኛ!»



ከሰዓት በኋላ ያ ወጣት ራሱ ሱቁ ድረስ መጣ። ሁሉንም ከፍቶ ማንበቡን ነገረኝ፤ አትሞ ለኃላፊው ሊያስገባ ወረቀት አልቆበት ከእኛ ሊገዛ ነው የመጣው። ይቅርታ አላለም። እኔም በነጻ አልሰጠሁትም።

ነሐሴ ላይ ውሳኔው ተለጠፈ። አምስተኛ ክፍል እዚያው መንደር ይከፈታል፤ የስድስተኛ ነገር «ወደፊት ይታያል» ይላል። ለአክስቴ ቃል በቃል አነበብኩላት። አምስተኛ የሚለውን ስትሰማ አንድ ጊዜ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ወደፊት ማለት መቼ ነው?» አለች።

«አይታወቅም።»

«ልጄ ስድስተኛ የምትገባው በዓመቱ ነው። እሱ ይታወቃል። በይ፣ ጻፊ።»