በገሳይ በኩል

ባጃጅ ስሳፈር የምሄድበትን ለሹፌሩ እነግረውና «እሺ» ሲለኝ አላምነውም። «ምን አልኩህ?» እለዋለሁ። «እሺ አልኩዎት እኮ፣ እማማ!» «እሺህንማ ሰማሁ። የት ነው የምትወስደኝ?» አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሴትዮዋን ነካ ያደርጋታል መሰለኝ ብሎ በመስተዋት ሰረቅ አድርጎ ያየኛል። ደብረ ታቦር ሰው የሚደበቅባት ከተማ አይደለችምና አመሌ ታውቆብኝ የሰፈሬ ሰዎች «ወይዘሮ ድገመው» ይሉኛል። ዘወር ስል ነው የሚሉት፣ ግን ጆሮዬ ደህና ነው። ምራቴ ሳትቀር ገበያ ስልካት «ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ኦቨር!» ብላ እንደ ሬዲዮ ሰው ትቀልድብኛለች። ይቀልዱ። እኔ በአንዲት እሺ የአንድ ደግ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ያበላሸሁ ሴት ነኝ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሣር ሜዳ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ አውሮፕላን ታርፍ ነበር። መድኃኒት፣ ደብዳቤ፣ አራት አምስት መንገደኛ ታመጣለች፤ ያንኑ ያህል ይዛ ትመለሳለች። እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ቆርቆሮ ክዳን ያላት አንድ ክፍል ቤት፣ ጠረጴዛ፣ ሬዲዮ፣ የተባለውን ሁሉ የምጽፍበት መዝገብና ወደ ሜዳው የሚያሳይ መስኮት ነበረኝ። በትልልቅ ማረፊያዎች የሜዳው ጫፍና ጫፍ ቁጥር ይጻፍበታል። የእኛ ሜዳ ላይ ከከብት ኮቴ በቀር የተጻፈ ነገር ስላልነበረ፣ ወደ ገሳይ ከተማ የሚያሳየውን ጫፍ የገሳይ በኩል፣ ሌላውን የከተማው በኩል እንለው ነበር። ፓይለቶቹም ለምደውት ነበር።

ሥራውን የተማርኩት አዲስ አበባ ሦስት ወር ተቀምጬ ነው። ያስተማሩን ሰው ጠረጴዛ እየደበደቡ የሚናገሩ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። «በሬዲዮ እሺ የሚባል ነገር የለም!» ይሉናል። «እሺ ምንድን ነው? ሰማሁ ነው? ተስማማሁ ነው? ወይስ ተወኝ ነው?» ሕጉ ቀላል ነው። አንዱ ይናገራል፤ የሰማው የሰማውን ቃል በቃል መልሶ ይደግማል፤ የተናገረው ያዳምጣል። ድጋሚው ከተሳሳተ ወዲያው «ኔጋቲቭ» ይባላል፣ አይደለም ማለት ነው፣ ከዚያም ትክክለኛው እንደገና ይነገራል። «ስሕተት ሰምታችሁ ዝም ካላችሁ ስሕተቱ የእናንተ ሆነ» ይሉ ነበር። እናቴ ደግሞ ያሳደገችኝ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለች ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አይን አይታይም፣ ቃል አይመለስም። የሦስት ወር ትምህርት የሃያ ዓመት አስተዳደግ ላይ እንደ ቀለም ተቀባ እንጂ ውስጥ አልገባም።

አውሮፕላኗን የሚያበሩት ካፒቴን የአባቴ እኩያ ነበሩ። ካፒቴን ማለት ቢገባኝም አፌ ጋሼ እያለ ያስቸግረኝ ነበር። ሕጉ በእንግሊዝኛ እንድናወራ ቢያዝዝም፣ እኛ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ይገቡና «እንደምን አደራችሁ፣ ደብረ ታቦሮች» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ነፋሱ ከሰሜን ነው ብላቸው «ከደቡብ» ብለው ደገሙ። እኔም እንደተማርኩት «ኔጋቲቭ፣ ካፒቴን። ነፋስ ከሰሜን» አልኩ። «ከሰሜን። እግዜር ይስጥልኝ» አሉና በሰላም አረፉ።

የጣቢያው ኃላፊ ግን ጉዳዩን እንደ ስድብ ቆጠረው። «አንድ ፍሬ ልጅ ሆነሽ ትልቅ ሰው ተሳስተዋል ይባላል? በሬዲዮ? አገር እየሰማ?» አለኝ፤ እኔን ወክሎም ካፒቴኑን ይቅርታ ጠየቀ። ተናደድኩ፤ አለቀስኩም። ካፒቴኑ ነገሩን ሲሰሙ ወደ ክፍሌ መጡና በሩ ላይ ቆመው «አየሽ ልጄ፣ እኔ እዚያ ላይ ሆኜ ያለኝ ያንቺ አፍ ነው። ሁልጊዜ አርሚኝ። የምታፍሪኝ ከሆነ ግን ሬዲዮውን ለሌላ ሰው ስጪው» አሉኝ። አላፍርም አልኩ። እውነት መስሎኝ ነበር።

ያ ቀን መስከረም ውስጥ ነው። ክረምቱ ከብዶ ስለነበር በገሳይ በኩል ያለው የሜዳው ጫፍ ምንጭ አፍልቆ ነበር። ያገኙት የሜዳው ዘበኛ ናቸው። በየማለዳው ከብት እያባረሩ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በዘንግ እየወጉ የሚዞሩ ገበሬ አዛውንት ነበሩ። ዘንጋቸውን እስከ ግማሹ ጭቃ ለብሶ አመጡልኝና «ላዩ ሣር፣ ውስጡ አረንቋ ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው ከሌላው አይለይም። ንገሪያቸው» አሉኝ። የቀረው ሜዳ ደረቅ ስለነበር ችግሩ ከባድ አልነበረም። አውሮፕላኗ በከተማው በኩል ገብታ አረንቋው ጋ ሳትደርስ መቆም ትችላለች።

በዚያን ቀን ኃላፊው ከዞን የመጡ ሁለት እንግዶች ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ሬዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳያቸው። ካፒቴኑ የጉናን ተራራ አልፈው ሲጠሩኝ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ይመጣል። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ነፋስ የለም። በገሳይ በኩል አረንቋ አለ። በከተማው በኩል ይግቡ» አልኩ።

ሬዲዮው ተንጫጫ። ከዚያ ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ፤ «ሰማሁ። በገሳይ በኩል እገባለሁ።»

ጣቴ መናገሪያው ላይ ነበር። ኔጋቲቭ የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ኃላፊው ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እንግዶቹ ፈገግ ብለው ያዩኛል። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደገና፣ እኒያን ሰውዬ ተሳስተዋል ልል ነው?

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

ኃላፊው ጨዋ ልጅ ናት እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ዘበኛው ግን በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው በገሳይ በኩል አሉ እኮ!» አሉኝ። ሬዲዮ ነክተው የማያውቁ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ስሕተቱን ሰምተዋል። «እሳቸው ያውቃሉ» አልኳቸው፣ ዞር ብዬም ሳላያቸው።

የሚያንገበግበኝ ከዚያም በኋላ ጊዜ የነበረኝ መሆኑ ነው። አውሮፕላኗ ገና በደመናው ውስጥ ነበረች። መናገሪያውን ተጭኜ አንድ ቃል ብል ይበቃ ነበር። ከላይ ሆነው ያዩታል አልኩ፤ ዘበኛው እንደማይታይ እየነገሩኝ። ምናልባት በከተማው በኩል ለማለት ፈልገው ይሆናል አልኩ። ለራሴ ብዙ ነገር ስነግረው ለእሳቸው አንዲት ቃል ሳልነግራቸው አውሮፕላኗ በገሳይ በኩል ብቅ አለች።

መሬት የነካችው በቀስታ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ የፊት ጎማዋ ሰመጠ፤ ጭራዋ ተነሣ፤ አፍንጫዋ ጭቃው ውስጥ ተቀበረ። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። እየጮህኩ ሮጥኩ። መንገደኞቹ በመጫጫርና በድንጋጤ ብቻ ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ካፒቴኑን ግን ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያወጣቸው። ጉልበታቸውን ምን እንደመታቸው እንጃ፣ እግራቸው ተንጠልጥሎ ነበር። ሣሩ ላይ አስቀመጧቸው። ፊታቸው በላብ ርሶ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ በገሳይ በኩል አላልሽኝም እንዴ?»

ተቆጥተው አልነበረም። እውነት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

«አረንቋው በገሳይ በኩል ነው ብዬ ነበር፣ ጋሼ» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው የሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ።

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ነበር፤ ግማሹን ደግሞ ዋጥኩት። ወደ ክፍሌ ተመልሼ መዝገቡን ከፈትኩና በሰዓቱ ትይዩ «ፓይለቱ መልእክቱን በትክክል ደግሟል» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ጽሕፈቴ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

ከአዲስ አበባ መርማሪዎች መጡ። መዝገቡን አዩ፤ እኔን ጠየቁ፤ የተጻፈውን በቃሌ አጸናሁላቸው። ኃላፊው እሺታዬን ሰምቷል፣ ግን ስለ እሺ ማን ይጠይቀዋል? ዘበኛውን የጠየቋቸው ከብት ሜዳው ላይ ነበር ወይ ብለው ብቻ ነው። «አልነበረም» አሉ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቁ፤ አልመጣም። ሽማግሌው ሲወጡ ዘወር ብለው አዩኝ። ካፒቴኑ ሆስፒታል ተኝተው የሰጡትን ቃል ኃላፊው እንደ ምሥራች አነበበልኝ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ በትክክል ነግራኛለች፣ አጣምሜ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እሷን እንዳትነኳት የሚል ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ።

ጉልበታቸው እንደ ድሮው አልታጠፈም፤ ጥፋቱም በስማቸው ተጻፈ። ካፒቴኑ ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን አላበረሩም። ዘበኛው ደግሞ ሲያገኙኝ ሰላምታ አልነፈጉኝም። ግን «አንቺ ልጅ» ማለታቸውን ተዉ። «አንቱ» አሉኝ። «እንደምን አደሩ?» ይሉኛል፣ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የምሆነውን፣ ቆባቸውን አውልቀው። መንገዱ ተሠርቶ አውሮፕላኗ እስክትቀርና ጣቢያው እስኪዘጋ ድረስ እንዲያ እንዳሉኝ ኖሩ። ይተዉ፣ አንቱ አይበሉኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ መሥሪያ ቤት ገብቼ ፋይል አገላበጥኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ወለምታ ደግሞ ይባስ ብሎ በጽሑፍ ታትሟል። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። «የበደልሻቸውን ሰው ግን ሄደሽ ነግረሽ ይቅር በሉኝ በያቸው» አሉኝ። «እሺ፣ አባቴ» አልኩ። ያን እሺ ለመፈጸም ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አልናገርም።

ካፒቴኑ ባሕር ዳር ልጃቸው ቤት እንዳሉ ስሰማ አንድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ልጃቸው፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ በክብር ተቀበለችኝ። ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሸምግለዋል፤ ምርኩዛቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። ልጃቸው ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ማን እንደሆንኩ ስትነግራቸው ፊታቸው በራ። «የደብረ ታቦሯ ልጅ!» አሉና ሁለት እጄን ያዙ። ልጃቸው ምሳ ልታቀርብ ገባች። እኔ ያገኘሁትን በርጩማ ስቤ በቀኛቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተናገርኩ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት አይነገርም። በገሳይ በኩል እገባለሁ ሲሉ መስማቴን፣ ኔጋቲቭ ማለት ሲገባኝ እሺ ማለቴን፣ ዘበኛው እየነገሩኝ አለመስማቴን፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው ማንጎውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስጨርስ «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። «እሺ።»

ምሳ ቀረበ፤ በላን። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ወርዶልኝ እንጀራው ጣመኝ። ስነሣ ልጃቸው እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። እንባዬን አይታ ኖሯል፣ «ምን አወራችሁ?» አለችኝ። ከአባትሽ ጋር የድሮ ነገር ነበረን፣ አሁን ተጨዋውተን ጨረስን አልኳት።

«ውይ» አለች፣ ቅር ብሏት። «በየት በኩል ነበር የተቀመጡት? አባባ በቀኝ በኩል ፈጽሞ አይሰማም እኮ። ሰው እንዳይከፋው ለሁሉም እሺ ነው የሚለው።»

ዞር ብዬ ሳይ ማንጎው ሥር እንደተቀመጡ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል።

«ግድ የለም፣ ይመለሱና በግራ በኩል ሆነው ይንገሩት» አለችኝ። «እኔ ወንበር አዞርልዎታለሁ።»

«እሺ» አልኳት።

ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሄጄ የደብረ ታቦርን መኪና ተሳፈርኩ።