ስምንት ሜትር እስከ መካከሉ

ቅዳሜ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት አንድ ቁጥር ለማረጋገጥ ነው። በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ከቡሬ አለፍ ብሎ በሚገኝ የገጠር ደብር ያገለግላሉ። ባለፈው ሳምንት ደውለው ለክቡ ቤተ ክርስቲያን ወለል ስንት ካሬ ሜትር ሴራሚክ እንደሚበቃ ጠየቁኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ «ስምንት ሜትር» ሲሉ ሰማሁ። ስምንትን በራሱ፣ ውጤቱን በሦስት ነጥብ አንድ አራት አባዝቼ «ሁለት መቶ አንድ» አልኋቸው።

ኋላ ተጠራጠርሁ። ስምንቱ ከመካከል እስከ ግድግዳ ነው ወይስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ? ሁለተኛው ከሆነ ሬዲየሱ አራት ነው፤ ሬዲየስ በግማሽ ሲያንስ ስፋቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ሃምሳ ይበቃ ነበር። ደብተሬ ላይ ያለው «8» ብቻ ነው፤ ትውስታዬን ማመን ከተውሁ ደግሞ ቆይቻለሁ። ስልካቸው አልሠራም። ሴራሚኩን የሚያመጣው የጭነት መኪና ሰኞ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ዝናቡ ከጠነከረ መንገዱ ሁለተኛ መኪና አያስገባም።

ቡሬ፣ ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ የነቀምቴ መገንጠያ ላይ አወረደኝ። ሲባጎና ሜትር ገዝቼ ባጃጅ ያዝሁ። ሾፌሩ «ጭቃው እስከ ፈቀደልን ነው» ብሎ ነበር፤ ከደብሩ በታች ካለው ወንዝ ላይ አልፈቀደልንም። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ።

ደብሩ፣ አምስት ሰዓት

የኔታ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ቁጥርህ ቀድሞህ ደርሷል፤ አንተ ምን ቀረህ?»

«ቁጥሬን ተጠራጥሬ ነው የኔታ።»

«እኔ እኮ የተማሪዬ ቁጥር ነው ብዬ በሰበካ ጉባኤው አስጽፌዋለሁ።»

«ስምንቱን ከየት እስከ የት ለኩት?»

«ከበሩ እስከ መካከሉ።»

ሸክሙ ቀለለልኝ። ቢሆንም ጫማዬን አውልቄ ከየኔታ ጋር ገባሁና በግድግዳው ውስጠኛ ጥግ ሲባጎውን ዙሪያውን ዘረጋን። ሬዲየሱ ስምንት ከሆነ ዙሪያው ሃምሳ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት፤ ስልሳ ሦስት ሆነ። ብንደግመውም ያው ነው። ለስድስት ነጥብ ሁለት ስምንት ሳካፍለው ሬዲየሱ አሥር ወጣ።

«የኔታ፣ መካከሉ የት ነው?»

በመቋሚያቸው የመቅደሱን መጋረጃ አመለከቱኝ። «ያውና። ከዚያ ወዲያ ለሜትር ማን ፈቀደ?»

ለእርሳቸው መካከል ማለት መቅደሱ ነው፤ ለእኔ በመቅደሱ ውስጥ ያለች ነጥብ ናት። መቅደሱ በውጭ ጎኑ ስንለካው አራት በአራት ስለሆነ፣ ሁለት ሜትር ከመጋረጃው ኋላ ቀርቶ ኖሯል። አሥርን በራሱ፣ ውጤቱን በሦስት ነጥብ አንድ አራት አባዝቼ ሦስት መቶ ዐሥራ አራት አገኘሁ፤ መቅደሱ አምና ስለተነጠፈ ዐሥራ ስድስት ቀነስሁ። ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት። ይበዛል ብዬ የፈራሁት ቁጥር መቶ ያህል ጎድሎ ነበር፤ ሕዝቡ ክረምቱን ሁለት እጁ በሴራሚክ፣ ሢሶው በአፈር ላይ ሊቆም ነበር።

«ለሁለት ሜትር መቶ ትጨምርብኛለህ?»

«ክብ ሲሰፋ በየአቅጣጫው ነው፣ የኔታ።»

«ሰሙን ይዘህ ሄድህ፤ ወርቁ መጋረጃው ውስጥ ቀረ» ብለው ሳቁ። ከዚያ መዝገቡን አስመጥተው ቁጥሩን አረሙና «ስሕተቱ የመምህሩ ነው» ብለው ጻፉ። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ ብል «የአንተም ቢሆን ያው የመምህሩ ነው» አሉኝ።

ፍኖተ ሰላም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ዝናቡ ቡሬ ላይ ደርሶብኝ ረጥቤ ገባሁ። በመንገዴ የተማርሁት ስሌት የለም፤ ስሌቱ ቀድሞም ትክክል ነበር። ደብተሬን ገልጬ «8»ን ሳልሰርዝ ከጎኑ «እስከ መጋረጃው» ብዬ ጻፍሁ።